ከጣሪያዎ ላይ ውኃ ሲንጠባጠብ፦ በአዳማ የጋራ መኖሪያ ቤት ቅሬታን ለማን፣ እንዴት ማቅረብ ይቻላል?

አዳማ ላይ በሚያዝያ ወር መስኮቱን ዘግቶ የሚተኛ ሰው አላውቅም። ሙቀቱ አይፈቅድም። መስኮቱ ሲከፈት ግን ጎረቤት ሁሉ አብሮ ይገባል፤ የላይኛው ፎቅ ቴሌቪዥን፣ ከምድር ቤቱ ግሮሰሪ የሚወጣ ሙዚቃ፣ ሞልቶ የሚገነፍል የፍሳሽ ጉድጓድ ሽታ፣ በፈረቃ የመጣ ውኃ እኩለ ሌሊት ላይ በርሜል ሲሞላ የሚያሰማው ድምፅ። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ቅሬታ አያጣም። የሚቸግረው ቅሬታውን ይዞ የትኛውን በር እንደሚያንኳኳ ማወቁ ነው።

ይህን የምጽፈው ከራሴ ስሕተት ተምሬ ነው። የመታጠቢያ ቤቴ ጣሪያ ላይ ቢጫ እድፍ ብቅ አለና ሳምንት ሳይሞላው መንጠባጠብ ጀመረ። ምንም ሳላጣራ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣሁ፤ በር የከፈቱልኝን እናት ልጆቻቸው ፊት ተናገርኳቸው። በኋላ የቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ ግድግዳውን ሲከፍተው የሚያፈስሰው የእሳቸው ቧንቧ አልነበረም። ከላይ እስከ ምድር ቤት የሚወርደው፣ የሁላችንም የሆነው ዋናው መስመር ነበር። ይቅርታ ጠየቅሁ። ቢሆንም ደረጃ ላይ ስንተላለፍ ሰላምታችን እንደ ድሮው እስኪሆን ወራት ወሰደ።

የማን እንደሆነ ይለዩ

የመንግሥት የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ በ1996 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተጀምሮ ከዚያ ወደ ክልል ከተሞች ሲዘልቅ፣ ብዙ ሰው ከግቢ ኑሮ በቀጥታ ወደ ፎቅ ወጣ። ቁልፍ ሲረከብ ስለ ሕጉ ያስረዳው ሰው ግን ጥቂት ነው። ሕጉ ከሕንፃዎቹ ቀድሞ ነበረ፤ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ይባላል። ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ ባቱ ወይም ሻሸመኔ ቢኖሩም ያው አዋጅ ነው።

አዋጁ ሕንፃውን ለሁለት ይከፍለዋል። አንዱ የግልዎ ቤት ነው። ሌላው የሁሉም ባለቤቶች የጋራ መጠቀሚያ ነው፤ ደረጃው፣ መተላለፊያው፣ ጣሪያው፣ ግቢው፣ ከአንድ ቤት በላይ የሚያገለግል የውኃና የፍሳሽ መስመር፣ ለድግስና ለእርድ ተብሎ የተሠራው የጋራ ማብሰያ ቤት። በግል ቤት ውስጥ ለተፈጠረ ነገር ተጠያቂው ባለቤቱ ነው። በጋራ መጠቀሚያው ላይ ለተፈጠረው ደግሞ የባለቤቶቹ ማኅበር። ማኅበሩ የሕግ ሰውነት ስላለው በስሙ ሊከስም ሊከሰስም ይችላል።

የሚያፈስስ ውኃ ከሆነ የሚከተለውን ይሞክሩ። የላይኛውን ጎረቤት በትሕትና ጠይቀው ቆጣሪያቸው አጠገብ ያለውን መዝጊያ ለአንድ ሌሊት ያዘጉ። መንጠባጠቡ ከቆመ ችግሩ ከእሳቸው ንጹሕ ውኃ መስመር ነው። ሳያቋርጥ ከቀጠለ ዋናውን መስመር ወይም የጣሪያውን ታንከር ይጠርጥሩ። ሌላም ምልክት አለ፤ የሚንጠባጠበው እነሱ ሲታጠቡ ወይም ልብስ ሲያጥቡ ብቻ ከሆነ የፍሳሽ መስመሩ ወይም የወለሉ ሴራሚክ ነው። ይህን አንድ ሌሊት መታገሥ እኔ የከፈልኩትን የወራት ኩርፊያ ያስቀርልዎታል።

ደብተር ይያዙ

ቀን፣ ሰዓት፣ ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደቆየ፣ ሌላ ማን እንዳየ ወይም እንደሰማ። ከዚህ በላይ አያስፈልግም። “ሁልጊዜ ይረብሻሉ” የሚል ሰው ሽማግሌም ፊት ዳኛም ፊት ይቸገራል፤ “መቼ?” ሲባል መልስ የለውም። “ኅዳር 3፣ 7 እና 12፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት” የሚል ግን ይደመጣል። እድፍ ከሆነ በየሳምንቱ ከአንድ ቦታ ላይ ቆመው ፎቶ ያንሱ፤ መስፋቱ በራሱ ይናገራል። የሰው ቤት ውስጥ ግን ካሜራ አይደቅኑ።

ደብተሩ ለራስዎም ይጠቅማል። ሁለት ሳምንት ከጻፉ በኋላ መልሰው ሲያነቡት አንዳንዱ ነገር በወር አንድ ጊዜ ብቻ የሚሆን፣ ሊታለፍ የሚችል ሆኖ ያገኙታል። እኔ ሦስት ቅሬታ ብዬ ከጀመርኩት ሁለቱን የሰረዝኩት በዚህ መንገድ ነው።

በር ያንኳኩ፤ በልኩ ግን

ከጎረቤት ጋር ያለ ጉዳይ በቃል ይጀመር። ጊዜ ይምረጡ። ሌሊት ሙዚቃው እየጮኸ፣ ደምዎ ፈልቶ አይሂዱ፤ በማግስቱ ቀን ይሂዱ። በዓል ዋዜማ፣ እንግዳ ባለበት፣ ልጆች በተሰበሰቡበት አይሁን። ብቻዎን ይሂዱ፤ ሦስት ሆነው ከሄዱ ሰውዬው ሊከሱኝ መጡ ብሎ በሩን በግማሽ ነው የሚከፍተው።

ንግግሩም የከረረ አይሁን። “እትዬ፣ እንደምን ዋሉ? ለጠብ አይደለም የመጣሁት። ልጄ ማለዳ 12 ሰዓት ለትምህርት ትነሣለች፤ ማታ ዕቃ ሲጎተት እንቅልፍ አጣች። ከ3 ሰዓት በኋላ ቢቀርልን?” የሚል ሰው የሚጠይቀውን ነገር ለይቶ ጠይቋል። “እናንተ ሰው አታስተኙም” የሚል ግን ምን እንደሚፈልግ አልተናገረም፤ ተሳደበ እንጂ። የሚፈልጉትን አንድ ነገር፣ ከሰዓቱ ጋር ይናገሩ።

ጎረቤትዎ ተከራይ ከሆነ መጀመሪያ ከራሱ ጋር ይነጋገሩ። እዚህ ላይ የሚያሳዝነኝን ልናገር። በብዙ ግቢ “እሱ ተከራይ ነው” ማለት “እሱን አትስሙት” እንደማለት ተቆጥሯል። ተከራዩም ውኃ ሲጠፋበት ይቸገራል፤ ልጁም መተኛት ይፈልጋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ተነግሮት ካልሰማ ብቻ ለቤቱ ባለቤት በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ባለቤቱ ቤቱን አከራይቶ ቢሄድም የማኅበሩ አባል እንደሆነ ይቀጥላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች እንዲሠራ የተደነገገ ነው። በከተማዎ ሥራ ላይ ከዋለ አከራይ ተከራዩን እንዲሁ በስልክ “ውጣ” ብሎ ሊያስወጣው አይችልም። ስለዚህ ባለቤቱን ሲያነጋግሩ የሚጠይቁት ሁከቱ እንዲቆም እንጂ ቤተሰቡ እንዲባረር አይሁን።

የግቢው የቴሌግራም ቡድን ላይ የሰው ስምና የቤት ቁጥር ጠቅሰው አይለጥፉ። አንድ መቶ ሰው ካነበበው በኋላ ጎረቤትዎ ቢሳሳት እንኳ አመነ ማለት ተዋረደ ማለት ይሆንበታል። ስም ማጥፋትም ያስከስሳል።

ድምፅና ጭስ፦ ልኩ ምን ያህል ነው?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 ባለቤት ጎረቤቱን የሚያውክ ወይም የሚጎዳ ነገር እንዳያደርግ ይከለክላል፤ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያልፉም ያዝዛል። ልኩ ሲመዘን ደግሞ የአካባቢው ልማድ ይታያል። ይህች የመጨረሻዋ ሐሳብ ለእኛ ኑሮ ትልቅ ነገር ናት። ለእንግዳ ቡና መውቀጥ፣ ለበዓል በርበሬ መደለዝ፣ ለቅሶ ቤት ሌሊቱን ማምሸት ልማዳችን ነው፤ በዚህ የሚከስ ሰው ሕጉም ጎረቤትም አይደግፈውም። በየቀኑ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ በአራተኛ ፎቅ ወለል ላይ ለሽያጭ በርበሬ የሚወቅጥ ግን ልማድ ብሎ ሊከራከር አይችልም። ያ ንግድ ነው። የእንጀራ ጭስም እንዲሁ ነው፤ ለቤተሰብ መጋገርና መኖሪያ ቤትን ዳቦ ቤት ማድረግ አንድ አይደሉም።

ድምፅ በቁጥርም ይለካል። የአገራችን መስፈርት ለመኖሪያ አካባቢ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት 55 ዴሲቤል፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 45 ዴሲቤል ነው። ለማነጻጸር፣ ሁለት ሰዎች ተቀራርበው ሲያወሩ የሚሰማው ድምፅ ወደ 60 ይጠጋል። ስለዚህ የምድር ቤቱ ግሮሰሪ ሙዚቃ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ አልጋዎ ውስጥ ሆነው ዘፈኑን ከነግጥሙ የሚሰሙት ከሆነ ልኩን ስለማለፉ ብዙ አይጠራጠሩ። የስልክዎ መለኪያ ግምት ለማግኘት ይበቃል፤ ለማስረጃ ግን የሚመለከተው ባለሙያ ይለካው።

የሚለካው በአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት በኩል ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንድ ልዩ መብት ሰጥቷል፤ ማንም ሰው፣ ጉዳቱ እሱን በግል የሚነካው መሆኑን ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ ብክለት በሚያደርስ ላይ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ካላረካዎት፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም 30 ቀኑ ካለቀበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ። አቤቱታውን ያስገቡበትን ቀን የሚያረጋግጥ ማኅተም የሚያስፈልግዎት ለዚህ ነው። ከግሮሰሪ፣ ከሆቴልና ከወፍጮ ቤት ጋር ያለ ጉዳይ በዚህ መንገድ ቢሄድ ይሻላል። የጎረቤት ቴሌቪዥን ወደዚህ አይድረስ።

ለማኅበሩ መጻፍ

በመጀመሪያ የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ቅጂ ያግኙ። አንድ ቀን ቁጭ ብለው ያንብቡት፤ ቅሬታ ለማን እንደሚቀርብ፣ ጠቅላላ ጉባኤ በስንት አባል ጥያቄ እንደሚጠራ፣ ኮሚቴው ለስንት ዓመት እንደተመረጠ እዚያው ተጽፎ ያገኙታል። ከሰብሳቢው ጋር በር ላይ ተገናኝቶ “ነግሬዎት ነበር እኮ” ማለት አቤቱታ አይደለም። ይጻፉ። አጭር ይሁን፤ አንድ ደብዳቤ አንድ ጉዳይ ብቻ ይያዝ። የቧንቧውን ጉዳይ ከጥበቃው ደመወዝና ከቆሻሻው ጋር ከቀላቀሉት ቀላሉን መልሰው ከባዱን ይተዉብዎታል።

ለምሳሌ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

“ለጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤቶች ማኅበር ሥራ አመራር። ጉዳዩ፦ የሚያፈስስ ዋና የውኃ መስመር እንዲጠገን ስለመጠየቅ። እኔ በብሎክ … የቤት ቁጥር … ባለቤት ስሆን፣ ከኅዳር 3 ቀን ጀምሮ በደረጃው በኩል የሚወርደው ዋና መስመር እያፈሰሰ የመታጠቢያ ቤቴ ጣሪያና የመኝታ ቤቴ ግድግዳ ተበላሽቷል። ኅዳር 10 ቀን የላይኛው ቤት መዝጊያ ተዘግቶ ሳለ መፍሰሱ ባለማቆሙ ጉዳቱ ከጋራ መስመር መሆኑ ታውቋል። ደብዳቤው በደረሳችሁ በ15 ቀን ውስጥ እንዲጠገን፣ ካልሆነም የሚጠገንበት ቀን በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ። አራት ፎቶዎች አያይዣለሁ።”

ስድብ የለም፣ ልመናም የለም። ቀኑ፣ ቦታው፣ የሚፈለገው ነገርና የጊዜ ገደቡ አለ። ሁለት ቅጂ ያዘጋጁ፤ አንዱን ይስጡ፣ ሁለተኛው ላይ የተቀበለው ሰው ስሙን፣ ፊርማውንና ቀኑን ያስፍርበት፤ ማኅተም ካለም ይምታበት። አልፈርምም ካለ ሁለት ጎረቤቶች ባሉበት ይስጡና ስማቸውን ከቀኑ ጋር ደብተርዎ ላይ ይጻፉ። ተከራይ ከሆኑ አባሉ አከራይዎ ስለሆነ ደብዳቤው በእሱ ስም ወይም በሁለታችሁ ፊርማ ቢገባ ይጠነክራል።

ቅሬታዎ በማኅበሩ ላይ ሲሆን

ከባዱ ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜም ስለ ገንዘብ ነው። ለጥበቃ፣ ለጽዳት፣ ለውኃ መግፊያው መብራት፣ ለፍሳሽ ማንሻ ቦቴ በየወሩ ይዋጣል። ጉድጓዱ ሞልቶ ገንፍሎ ቦቴ ለመጥራት ገንዘብ የለም ሲባል ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያስባል። ቢሆንም ማስረጃ ሳይይዙ “በላችሁት” አይበሉ። የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው፤ የገቢና የወጪ መዝገብ፣ ደረሰኞች፣ ወጪው የተፈቀደበት ቃለ ጉባኤ። በደብዳቤ ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ስርቆት ሳይሆን ደረሰኝ አለመያዝ ነው፤ ኮሚቴው ውስጥ ያሉት ያለ ደመወዝ፣ ከሥራ መልስ የሚለፉ ጎረቤቶች ናቸው። አንዳንዴ ግን ጥርጣሬው እውነት ይሆናል፤ ያኔ የሚያዋጣው ያ የጽሑፍ ጥያቄና መልስ ማጣቱ ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናለሁ፤ ተናደው መዋጮ አያቁሙ። መዋጮ ያቆመ ሰው በማግስቱ ከከሳሽነት ወደ ባለ ዕዳነት ይዞራል፤ የሚቀጥለው ስብሰባ የሚነጋገረውም ስለ እሱ ዕዳ ይሆናል። የውኃ መግፊያው መብራት ሲቆረጥ ደግሞ መጀመሪያ የሚጎዱት አራተኛ ፎቅ ያሉት አሮጊት ናቸው። ይክፈሉ፣ ደረሰኝ ይቀበሉ፣ ከዚያ ይጠይቁ።

መልስ ካላገኙ ደንቡ የሚጠይቀውን ያህል የአባላት ፊርማ አሰባስበው አስቸኳይ ጠቅላላ ጉባኤ ያስጠሩ። ፊርማው ከስም፣ ከቤት ቁጥርና ከቀን ጋር ይሁን፤ የስብሰባው አጀንዳ ከፊርማው ወረቀት አናት ላይ ተጽፎ ሰው አንብቦ ይፈርም። ባዶ ወረቀት ላይ የተሰበሰበ ፊርማ በስብሰባው ዕለት “እኔ ለሌላ ነገር ነው የፈረምኩት” ያስብላል። ጉባኤው ኦዲተር ይምረጥ። ጉባኤው ከተደናቀፈ ማኅበሩን ወደመዘገበው ጽሕፈት ቤት ይሂዱ።

ሽማግሌ፣ ባህላዊ ፍርድ ቤት፣ ጽሕፈት ቤት

አዳማ ሽማግሌ የማታጣ ከተማ ናት። ዕድሩም፣ የሃይማኖት አባቶቹም፣ ጃርሳ ቢያ የሚባሉት የአገር ሽማግሌዎችም አሉ። ኦሮሚያ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 240/2013 ለባህላዊ ፍርድ ቤቶች ዕውቅና ሰጥታለች፤ በአፋን ኦሮሞ ማና ሙርቲ ኣዳ ይባላሉ። ጉዳይ የሚያዩት ሁለቱም ወገኖች ፈቅደው ሲቀርቡ ነው። በውሳኔው ያልተስማማም ይግባኝ የሚልበት ባህላዊ ፍርድ ቤት አለ። የጎረቤት ጉዳይ ወደዚያ ቢሄድ እኔ እመርጣለሁ። ሽማግሌዎቹ የሚጠይቁት ማን አጠፋ ብለው ብቻ አይደለም፤ ነገ በአንድ ደረጃ እንዴት ትወጣላችሁ ብለው ነው። ፍርድ ቤት አሸንፎ የወጣ ሰውም ማታ የሚመለሰው ወደዚያው ሕንፃ ነው።

ወደ ወረዳ ወይም ወደ ከተማው ጽሕፈት ቤት የሚያስገቡት ማመልከቻ በአፋን ኦሮሞ ቢጻፍ ይሻላል፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ እሱ ነውና። አፋን ኦሮሞ መጻፍ ካልቻሉ ጎረቤት ያግዝዎታል፤ በመሥሪያ ቤቶቹ ደጃፍም ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። ከመፈረምዎ በፊት ቃል በቃል ያስተርጉሙት። በማያውቁት ቋንቋ በተጻፈ ክስ ሥር መፈረም አደገኛ ነው፤ እርስዎ “ያስቸግረኛል” ብለው የተናገሩት “ደበደበኝ” ሆኖ ሊገኝ ይችላል። መዝገብ ቤት ሲያስገቡ ገቢ ቁጥርና ቀን ቅጂዎ ላይ ይስፈር። “ነገ ተመለስ” ሲባሉ ያናገሩዎትን ሰው ኃላፊነትና ቀኑን ይጻፉ። መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት መልስ ከነፈገዎት የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ ይቀበላል።

የማይጠበቁ ነገሮች አሉ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ብልጭታ ካዩ ወይም ቆጣሪ ሲቃጠል ከሸተተዎት ሽማግሌም ደብዳቤም አያስፈልግም፤ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ጥሪ ቁጥር 905 ነው። ዛቻ፣ ድብደባ፣ በር መስበር የፖሊስ ጉዳይ ነው፤ የዚያኑ ዕለት ያመልክቱ።

ፍርድ ቤት

ሁሉም መንገድ ሲዘጋ ወደ ፍርድ ቤት ይኬዳል። ይዞታዎን የሚያውክ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ጎረቤትዎ የጋራ መተላለፊያውን ግድግዳ ሠርቶ ቢዘጋብዎ፣ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1149 መሠረት የሁከት ይወገድልኝ ክስ ማቅረብ ይችላሉ። ከፎቅ የወደቀ ዕቃ ጉዳት ቢያደርስ፣ የአበባ ማሰሮም ይሁን የበረንዳ ላይ ጀሪካን፣ በቁጥር 2080 ኃላፊው በቤቱ ውስጥ የሚኖረው ሰው ነው። ለተበላሸ ጣሪያና ዕቃም ካሣ ይጠየቃል። የጠጋኙን ደረሰኝ፣ ፎቶዎቹን፣ የተፈረመበትን ደብዳቤ ቅጂና ደብተርዎን ይዘው ይቅረቡ። ጠበቃ ለመያዝ አቅም ባይኖርዎ እንኳ እነዚህን አራቱን የያዘ ሰው ክሱን በግማሽ አዘጋጅቷል።

በጊዜው ላይ ግን ይጠንቀቁ። ሁከት ይወገድልኝም ሆነ ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የሚጠየቅ ካሣ በ2 ዓመት ይታገዳል። “ዛሬ ነገ ይጠግኑታል” እየተባለ ሁለት ዓመት ሲያልፍ አይቻለሁ። ጣሪያዎ ላይ ያለው እድፍ መጀመሪያ የታየበትን ቀን ያስታውሳሉ? ካስታወሱ ሳይረሱት ዛሬ ማታ ይጻፉት።